አሚዶል፦ አዳር የማያውቅ ዴቨሎፐር

ፎቶግራፍ በጨለማ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚታተም ብዙዎቻችን በወሬ እናውቃለን። ነጭ ወረቀት ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፤ ጥቂት ቆይቶ ፊት፣ ዛፍ ወይም ተራራ ብቅ ይላል። ታዲያ ይህን የሚያደርገው ፈሳሽ ምንድን ነው? ፎቶ ቤቶች «ዴቨሎፐር» ይሉታል። ዓይነቱ ብዙ ነው። ለዛሬ የመረጥነው ፈጣኑንና ጠባየ አስቸጋሪውን አሚዶልን ነው።

ዛሬ አብዛኛው ፎቶግራፍ የሚነሳው በዲጂታል ካሜራና በስልክ ነው። ይሁንና በእጃቸው የሚያትሙ ሰዎች አሁንም አሉ፤ አሚዶልንም ይፈልጉታል። ለኬሚስትሪ መምህር ደግሞ ኦክሲዴሽንን በዓይን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ፍጥነቱና ድክመቱ አንድ ምንጭ አላቸው

የፎቶግራፍ ወረቀት ፊቱ ላይ በጄላቲን የተያዘ የብር ጨው ተቀብቷል። ብርሃን ያረፈበት የጨው ቅንጣት በዓይን የማይታይ ለውጥ ያደርጋል። ዴቨሎፐሩ ለዚህ ቅንጣት ኤሌክትሮን ይሰጠዋል፤ ጨውም ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል። ብሩ ኤሌክትሮን ሲቀበል ዴቨሎፐሩ ራሱ ኦክሲዳይዝድ ይሆናል ማለት ነው።

ሃይድሮኩዊኖን የሚባለው ዴቨሎፐር ይህን ሥራ እንዲሠራ ሶዲየም ካርቦኔትን የመሰለ አልካሊ ይፈልጋል። አሚዶል ግን አልካሊ አያሻውም። ሶዲየም ሰልፋይት ብቻ ካገኘ ይበቃዋል፤ ኤሌክትሮን ለመስጠት ቸር ነውና።

ችግሩም ከዚሁ ቸርነት ይመጣል። ለብር የሚሰጠውን ያህል ለአየር ኦክሲጅንም ይሰጣል! የተላጠ ድንች አየር ሲያገኘው እንደሚጠቁር ሁሉ የተበጠበጠ አሚዶልም በሰዓታት ውስጥ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ኃይሉም ይደክማል። ስለዚህ ዛሬ በጥብጦ ለነገ ማሳደር አይቻልም። ይኼ የነጋዴው ማጭበርበር ወይም የዕቃው መበላሸት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው።

ሰልፋይት የሚታከለውም አንዱ ለዚሁ ነው፤ ኦክሲጅኑን እየተሻማ አሚዶሉን ለጥቂት ሰዓታት ይጠብቀዋል። አንዳንዶች ጥቂት ሲትሪክ አሲድ ይጨምሩበታል። በድንች ላይ ሎሚ ቢጨመቅ መጥቆሩ እንደሚዘገይ ሁሉ፣ አሲዱ የአሚዶሉን መበላሸት ያዘገያል።

አበጣጠሩ

በሰፊው ከሚታወቁት ቀመሮች አንዱ ለ1 ሊትር እንዲህ ይላል፦

ውኃ (50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ) — 750 ሲሲ
ሶዲየም ሰልፋይት (ውኃ የሌለው) — 44 ግራም
ፖታሲየም ብሮማይድ — 0.55 ግራም
አሚዶል — 6.6 ግራም
ቀዝቃዛ ውኃ — 1 ሊትር እስኪሞላ

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ሰልፋይትና ሰልፌት አንድ አይደሉም። በአንድ ፊደል ስሕተት ሙሉ ቀን ይባክናል፤ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቡ። እንዲሁም በክሪስታል መልክ ያለው ሰልፋይት ግማሽ ክብደቱ ውኃ ስለሆነ በ44 ግራም ፋንታ 88 ግራም ይወሰዳል።

ሁለተኛ፣ 0.55 ግራም በተራ ሚዛን አይመዘንም። መላው ቀላል ነው። 10 ግራም ብሮማይድ በውኃ አሟሙቶ 100 ሲሲ ማድረስ፣ ከዚያም 5.5 ሲሲ ለክቶ መጨመር ነው። የብሮማይዱ ሥራ ብርሃን ያልነካው የወረቀቱ ክፍል እንዳይጠቁር መግታት ነው።

ሦስተኛ፣ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ሰልፋይቱ በደንብ ይሟሟ፤ ብሮማይዱ ይከተል። አሚዶሉ መጨረሻ ላይ፣ ወረቀቱና ትሪዎቹ ሁሉ ተሰናድተው ካለቁ በኋላ ይግባ። ካርቦኔት ግን አይጨመርበትም፤ ፈሳሹ ቶሎ ይበላሻል፤ ወረቀቱም ያለቦታው ይጠቁራል።

አንድ ሊትር ለማያስፈልገው ሰው ሁሉንም በግማሽ መቀነስ ነው። ትርፍ መበጥበጥ ገንዘብ መድፋት ነው፤ አሚዶል ዛሬ ውድ ነው፣ የሚሸጡትም ጥቂቶች ናቸው። ደረቁ ዱቄት ግን በጠቆረ ጠርሙስ በደንብ ተከድኖ ከተቀመጠ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

አጠቃቀሙ

ፈሳሹ ወደ 20 ዲግሪ ይቀዝቅዝ። ሦስት ትሪ ይደርደር፦ የመጀመሪያው ለአሚዶሉ፣ ሁለተኛው ለቀጭን አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ማለት ነው)፣ ሦስተኛው ለፊክሰር። ለወረቀቱ በተፈቀደው ደብዛዛ መብራት ወረቀቱ በአንድ ጊዜ ይጠለቅና ትሪው ሳይቋረጥ በቀስታ ይወዛወዝ። ምስሉ ቶሎ ይወጣል፤ ሆኖም ወጣ ብሎ መቸኮል አይገባም። ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይቆይ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከልክ በላይ ከጠቆረ ጥፋቱ የዴቨሎፐሩ አይደለም፤ የበራው ብርሃን በዝቷል። የሚቀነሰው ብርሃኑ እንጂ የማጠቢያው ደቂቃ አይደለም።

ጥቁሩና ነጩ ከልክ በላይ የተራራቁበት ኔጋቲቭ ሲያጋጥም ሌላ ዘዴ አለ። ወረቀቱ አሚዶሉን ከጠጣ በኋላ ንጹሕ ውኃ ወዳለበት ትሪ ይዛወርና ሳይነቃነቅ ይተኛ። በጥቁሩ ክፍል የተያዘው ዴቨሎፐር ሥራ ስለሚበዛበት ቶሎ ያልቃል፤ በነጣው ክፍል ያለው ግን ሥራውን ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ጥላው ሳይታፈን የነጣው ቦታ ዝርዝር ያወጣል።

ጥፍሩ የጠቆረው ባለሙያ

በአሚዶል ከሚታወቁት አንዱ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተን (እ.ኤ.አ. 1886-1958) ነው። በካሊፎርኒያ፣ ካርመል አካባቢ በነበረው ጨለማ ክፍል ማጉያ ሳይጠቀም ትልቁን ኔጋቲቭ በቀጥታ ወረቀት ላይ አስተኝቶ በአምፖል ብርሃን ያትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ያነሳው የፈረንጅ ቃሪያ ፎቶግራፍ ዛሬም በዓለም የታወቀ ነው። ጥፍሮቹ በአሚዶል ጠቁረው ይታዩ ነበር ይባልለታል። እ.ኤ.አ. በ1948 የመጨረሻ ፎቶግራፉን ካነሳ በኋላ በፓርኪንሰን በሽታ ምክንያት እጁ ሲደክም፣ ልጁ ብሬት በአባቱ ተቆጣጣሪነት ያትምለት ነበር።

ታዲያ የጠቆረ ጥፍር የሙያ ማዕረግ ነው? አይደለም! ሙያውን ከዌስተን እንማር፤ ጥፍሩን ግን ለእሱ እንተውለት። አሚዶል ሲዋጥም ሆነ ሲተነፈስ ይጎዳል፤ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያስቆጣል፤ አንዴ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ በትንሹም ይቆጣል። ስለዚህ፦

ሀ) ሲመዘንም ሆነ ሲታጠብ ጓንት ይደረግ፤ ወረቀቱ በመቆንጠጫ ይያዝ።
ለ) ሲመዘን አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ብናኙ ያረፈበት ወረቀትና ልብስ እርጥበት ሲነካው ነጠብጣብ ያወጣል።
ሐ) የአስም ሕመም ያለበት ሰው ይጠንቀቅ፤ ሰልፋይት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል። ክፍሉ አየር ያግኝ።
መ) የወጥ ቤት ዕቃ ለዚህ ሥራ አይዋል፤ የዋለም ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።
ሠ) የተጠቀሙበት ፈሳሽ በጉድጓድ ውኃና በአትክልት አጠገብ አይደፋ። ፊክሰሩም ብር ስለሚይዝ ለብቻው ይጠራቀም።
ረ) ተማሪ እንዲያይ ይደረግ እንጂ ዱቄቱን እንዲመዝን አይታዘዝ።

እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ ስንጠቀልለው፣ አሚዶል የሚቸገረው ባልተዘጋጀ ሰው እጅ ሲገባ ነው። ውኃው፣ ወረቀቱ፣ ትሪው፣ ጓንቱ ቀድመው ከተሰናዱ ጥቁሩ ጥልቅ፣ ነጩ ንጹሕ የሆነ ፎቶግራፍ ይሰጣል። አሚዶሉን በጥብጦ ዕቃ ፍለጋ የሚዞር ሰው ግን ሲመለስ የጠቆረ ውኃ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ ዝግጅት፣ ከዚያ አሚዶል!