ወረርሽኙ ሲያልፍ ነርሶች ለምን ይቀራሉ?

እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የተባለው የሳንባ በሽታ የካናዳዋን ቶሮንቶ ሲያምስ፣ በዚያው በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳርቻ ያለችው የሐሚልተን ከተማ ሆስፒታሎች የሳርስ ሕመምተኛ ሳያክሙ አለፉ። አጋጣሚው ለተመራማሪ ሲሳይ ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሮበርት ማውንደርና ባልደረቦቹ ከወረርሽኙ ከ13 እስከ 26 ወራት በኋላ ከሁለቱ ከተሞች 769 የጤና ሠራተኞችን ጠየቁ፤ አብዛኞቹ ነርሶች ናቸው። የቶሮንቶዎቹ የሥራ ዝለትም ጭንቀትም ብሶባቸው ተገኙ። የሥራ ሰዓታቸውን የቀነሱ፣ ከሕመምተኛ ጋር የሚያገናኛቸውን ሥራ የሸሹ፣ በሕመም ፈረቃ የሚያጎድሉ በእነሱ ዘንድ በዙ። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ በከተማዋ ሳርስ አልነበረም።

ስለዚህ «ፈርተው ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ነገሩን አይጨርሰውም። በእርግጥ ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። በካናዳ በሳርስ ከተያዙት ከ40 በመቶ በላይ የጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ ሁለቱ ከተሞች ባሉበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሁለት ነርሶችና አንድ ሐኪም ሞተዋል። «የሥራ ኳራንቲን» የታዘዘባቸው ነርሶች ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት ብቻ ይመላለሱ ነበር፤ ቤታቸውም ገብተው ማስክ ያደርጋሉ፣ ከትዳር አጋራቸው ተለይተው ይተኛሉ። ትኩሳት ወይም ሳል የጀመራት ነርስ እንዳትመጣ ደግሞ ደንቡ ራሱ ያዛል። በወረርሽኝ ወቅት የሕመም ፈቃድ ሲበዛ «ሥራ ጠሉ» የሚል አለቃ ይህን ይረሳል፤ ከፈቃዱ ከፊሉ በሽታውን የመግታት ሥራ ነው። ችግሩ፣ ነርሷ ስትቀር ሕመምተኞቿ ለተገኙት ይከፋፈላሉ፤ የተገኙትም በተራቸው ይዝላሉ፤ ሌላ ፈረቃ ይጎድላል።

ከሥራው ብዛት ይልቅ ሰውን የሚሰብረው ግን፣ እንደ እኔ እምነት፣ አለመደመጥ ነው። በሜይ 2003 ወረርሽኙ ያበቃ መስሎ ጥንቃቄው ላላ። የቶሮንቶው ኖርዝ ዮርክ ጄኔራል ሆስፒታል ነርሶች ሳርስ የሚመስል ሕመም እያዩ መሆኑን ተናገሩ። ሰሚ አላገኙም። ሁለተኛው ዙር የፈነዳው ከዚያው ሆስፒታል ነው። ጉዳዩን የመረመረው፣ በዳኛ አርቺ ካምቤል የተመራው ኮሚሽንም ሳይንሱ እርግጠኛ እስኪሆን ሳይጠበቅ ሠራተኛን ከአደጋ መከላከል እንደሚገባ ደመደመ።

አሜሪካዊው ፈላስፋ አንድሪው ጄምተን በ1984 ስለ ነርሶች ሥነ ምግባር ሲጽፍ እንዲህ ያለውን ነገር የኅሊና ጭንቀት ብሎታል፤ ማድረግ የሚገባውን እያወቁ የመሥሪያ ቤቱ አሠራር እጅ ሲይዝ የሚፈጠር ጭንቀት ነው። ድካም ቢሆን እረፍት ወስዶ መመለስ ይቻላል። ይኼኛው ግን የሚጠብቀው እዚያው በር ላይ ነው፤ ፈቃድ የጨረሰች ነርስ መልቀቂያ ማሰብ የምትጀምረውም ለዚህ ይመስለኛል። የእነ ማውንደር ጥናትም የሚያመለክተው ወደዚያው ነው፤ በቂ ሥልጠናና ድጋፍ አግኝተናል ያሉት ከሌሎቹ ያነሰ ተጎድተዋል። የሰው ጠባይም ለውጥ ያመጣል፤ ሆስፒታል ሊያስተካክለው የሚችለው ግን ሥልጠናውንና ድጋፉን ነው።

ኮቪድ ሲመጣ ኦንታሪዮ ሌላ ሸክም ጨምራ ጠበቀች። ወረርሽኙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀረው፣ በኖቬምበር 2019፣ የሕዝብ ሆስፒታል ነርሶችን ጨምሮ የብዙ መንግሥታዊ ዘርፍ ሠራተኞችን የደመወዝ ጭማሪ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 1 በመቶ ላይ የሚገድብ ሕግ ወጥቶ ነበር። የከተማ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች አልተነኩም፤ በአብዛኛው ሴቶች የሆኑት ነርሶች ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። በ2022 የካናዳ የዋጋ ንረት 6.8 በመቶ ደረሰ። በወረርሽኙ መጀመሪያ በየምሽቱ ሲጨበጨብላቸው የነበሩት ነርሶች ደመወዛቸው በእውነተኛ ዋጋው እየወረደ ነበር። ፍርድ ቤት ሕጉን በኖቬምበር 2022 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው፤ መንግሥት ይግባኝ ብሎ በ2024 ተረታ።