ያለ መንቀጥቀጥ የሚገኝ ሙቀት

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው እንጅባራ፣ በሌሊቱ ቁር የተወለደ ሕፃን ብርድ ሲሰማው እንደ አዋቂ ሰው አይንቀጠቀጥም። ሰውነቱን በዋናነት የሚያሞቀው በትከሻ አጥንቶቹ መካከል፣ በአንገቱና በኩላሊቶቹ ዙሪያ ይዞት የተወለደው ቡናማ ስብ ነው።

ስቡን ቡናማ ያሰኘው ሕዋሳቱ ብረት አዘል ፕሮቲኖች ባሏቸው፣ ሚቶኮንድሪያ በተባሉ ጥቃቅን የኃይል ማመንጫዎች የተሞሉ መሆናቸው ነው። ሚቶኮንድሪያ ከምግብ የተገኘውን ስብና ስኳር በኦክስጅን ሲያቃጥሉ፣ የሚወጣው ጉልበት ፕሮቶን የተባሉትን አወንታዊ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ከውስጠኛው ስስ ሽፋን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ቅንጣቶቹም ተመልሰው ሲገቡ በሽፋኑ ላይ ያለውን ኢንዛይም እያሽከረከሩ፣ ሕዋስ ለሥራው ሁሉ የሚገለገልበትን ኤቲፒ የተባለ ኃይል ተሸካሚ ውሁድ ያስገኛሉ። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርብ ብዙዎች ቢጠራጠሩትም፣ በ1978 ለኖቤል ሽልማት አብቅቶታል።

በቡናማ ስብ ውስጥ ግን ዩሲፒ-1 የተባለ ፕሮቲን ለፕሮቶኖቹ ሌላ መመለሻ ይከፍታል። የውኃ ወፍጮ ቦይ ከመዘውሩ በላይ ሲሰበር ውኃው ድንጋዩን ሳያዞር እንደሚወርድ ሁሉ፣ ፕሮቶኖቹም ኢንዛይሙን ሳያሽከረክሩ ስለሚገቡ፣ በኤቲፒ ሊቀመጥ የነበረው ጉልበት በሙቀት መልክ ይወጣል፤ ቃጠሎው ከኤቲፒ ምርት ጋር የነበረው ቁርኝት በመላላቱም ሂደቱ የቁርኝት መፍታት ሊባል ይችላል። ይህ አሠራር ብክነት የሚመስለው ሙቀትን እንደ ትርፍ ነገር ለሚቆጥር ብቻ ነው፤ ለአራስ ሕፃን ሙቀቱ ራሱ ሕይወት ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ቁጥጥሩ ነው፦ ቆዳ ብርዱን ሲያሳውቅ አንጎል በነርቮች በኩል ኖርአድሬናሊን እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ በዚህ ትእዛዝ ከስቡ የሚለቀቀው የስብ አሲድም ለቃጠሎው ማገዶ፣ ለፕሮቲኑም መክፈቻ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ቃጠሎው ኦክስጅንና ስንቅ ይፈጃል፤ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ የቡናማ ስቡ ክምችት አነስተኛ ነው። አራስን ወዲያው አድርቆ በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አስተኝቶ ማልበስ ይህን ውሱን ስንቅ የሚቆጥብለት በዚህ ምክንያት ነው።

በእንስሳት ዘንድ ስጦታው ለሁሉም አልተዳረሰም። ጸጉረ አጭሩ የዋሸራ በግ፣ በሌላ ስሙ የዳንግላ በግ፣ ግልገል እንደ ማንኛውም የበግ ግልገል ቡናማ ስብ ይዞ ይወለዳል፤ ስቡም በሳምንታት ውስጥ ወደ ተራ ነጭ ስብ ይለወጣል። ጥር 23 ቀን በሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል አጊጦ የሚወጣው ፈረስ ግን ይህ መሣሪያ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ዩሲፒ-1ን የሚያሠራው ዘረ መል በፈረስ፣ በዝሆንና በሽኮኮ የዘር ሐረግ ከጥንት ጀምሮ ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል። ስለዚህ አዲስ የተወለደ የፈረስ ውርንጭላ ብርዱን የሚቋቋመው ጡንቻውን እያንቀጠቀጠና እናቱን እየጠባ ነው።