ከመንጠቆው በላይ ያለው አንድ ክንድ

ዓሣ ያመለጠው ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ዘንጉን ነው፤ ከዚያ መንጠቆውን፤ ከዚያ ዕድሉን። የተበጠሰውን ክር ጫፍ አንስቶ አቅርቦ የሚያይ ጥቂት ነው። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከመንጠቆው በላይ ባለው አጭር ቁራጭ ላይ ነው። አጥማጆች ሊደር ይሉታል።

ሊደር በዋናው ክርና በመንጠቆው መካከል የሚገባ ክር ወይም ሽቦ ነው። የሚያስፈልገው ዋናው ክር ሁሉን ስለማይችል ነው። ዛሬ የተለመደው፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው የፖሊኢታይሊን ክር ከቅጥነቱ አንጻር ጉልበቱ ያስገርማል፤ ስለት ሲነካው ግን ወዲያው ይበጠሳል፣ በጠራ ውሃ ውስጥም ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ጥርስና ድንጋይ የሚችል፣ አለዚያም ዓሣው በቀላሉ የማያየው ነገር ይቀጠልበታል።

ምን እንደሚቀጠል የሚወስነው ዓሣው ነው። በኦሞና በባሮ የሚገኘው ታይገርፊሽ ጥርሱ አፉ ተዘግቶም የሚታይ ነው፤ ናይለንን በአንድ ንክሻ ይቆርጣል። ለእሱ ከሽቦ በቀር መላ የለም። በአርባ ምንጭ ነጭ ዓሣ የሚባለው ናይል ፐርች ደግሞ እንዲህ ያለ ጥርስ የለውም፤ የአፉ ውስጥ ግን ሻካራ ነው፣ የስንጥቡ ክዳንም ስለታም ጠርዝ አለው። ትግሉ በረዘመ ቁጥር ክሩን እየፈገፈገ ያሳሳዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በግብፅ ናስር ሐይቅ ተይዞ በዓለም ክብረ ወሰንነት የተመዘገበው ናይል ፐርች 104 ኪሎ ይመዝን ነበርና፣ ለዚህ ዓሣ ወፍራም ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን ቢመረጥ አይገርምም። በጫሞ ረጅም ገመድ ዘርግተው ብዙ መንጠቆ የሚያንጠለጥሉ አጥማጆችም እያንዳንዱን መንጠቆ ከገመዱ ጋር የሚያገናኘውን አጭር ሲባጎ ራሳቸው ያስራሉ። ስም አይስጡት እንጂ ሥራው ያው ነው።

ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ትራውት የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ሰው ሠራሽ ዝንቧን ውሃው ላይ ቀስ አድርጎ የሚያሳርፍ ሊደር። ለዚህ እስካሁን የሚሠራበት ቀመር የሻርል ሪትዝ ነው፤ ከርዝመቱ 60 ከመቶው ወፍራም፣ 20 ከመቶው መካከለኛ፣ 20 ከመቶው ቀጭን። ሪትዝ በስሙ የሚጠራው የፓሪሱ ታላቅ ሆቴል መሥራች ልጅ ነው። ከእንግዳ መቀበያው ይልቅ ወንዝ ዳር ሳይቀናው አልቀረም።

ናይለን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ እስኪመጣ ድረስ ሊደር የሚሠራው ከሐር ትል ነበር። ትሉ ሆምጣጤ ውስጥ ተነክሮ የሐር ዕጢው በእጅ እየተሳበ ይደርቅ ነበር፤ የስፔኗ ሙርሲያ በዚህ ሥራ የታወቀች ነበረች። ክሩ ደረቅ ሳለ ስለሚሰባበር አጥማጁ ሳይነክር መቋጠር አይችልም ነበር። ፍሎሮካርቦን በጃፓን ለዓሣ ማጥመጃ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ብርሃን የሚሰብርበት መጠን ከናይለን ይልቅ ለውሃ ስለሚቀርብ ብዙ አይታይም። ሻጮቹ እንደሚሉት ፈጽሞ የማይታይ ግን አይደለም።

ለእጅ የሚያስቸግረው ነጠላ ሽቦ ነው። ሽቦ እንደ ክር አይቋጠርም፣ ይጠመዘዛል። በመንጠቆው ዓይን አልፎ ይታጠፍና ሁለቱ ክንዶች ሰፋ ብለው፣ የኤክስ ቅርጽ ይዘው፣ እኩል እርስ በርስ አምስት ስድስት ዙር ይዞራሉ። ከዚያ ትርፉ ጫፍ በዋናው ሽቦ ላይ፣ ዙሩ ከዙሩ እየተጠጋጋ፣ እንደገና አምስት ስድስት ጊዜ ይጠመጠማል። ጀማሪ የሚስተው የመጀመሪያውን ነው፤ አንዱ ሽቦ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሌላው ብቻውን ከዞረበት ለዓይን ያማረ፣ ሲጎተት ግን የሚንሸራተት ነገር ይወጣል። ትርፉን በፒንሳ መቁረጥም አይገባም፤ የሚቀረው ስለታም ጫፍ ዓሣ የሚያነሣን መዳፍ ይሸረክታል። ጫፉን እንደ እጀታ አጥፈው ወዲያና ወዲህ ቢያወዛውዙት ከሥሩ ተሰብሮ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ከሰባት ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደው ይቀላል። በትንሽ የብረት ቱቦ ይገባል፣ በመንጠቆው ዓይን ዞሮ ይመለሳል፣ ቱቦው በፒንሳ ይጨፈለቃል። መጨፍለቅ ያለበት የቱቦው መሐል ነው፤ ሁለቱ አፎቹ ሳይነኩ ካልቀሩ ጠርዛቸው ሽቦውን ይበላዋል። ናይለንና ፍሎሮካርቦን በቋጠሮ ይያዛሉ፤ ከመጥበቃቸው በፊት በምራቅ ይራሱ። ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ ፍትጊያው ያሞቀዋል፤ ሙቀቱም ክሩን ያዳክመዋል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሳይፈተን ወደ ውሃ የሚሄድ ሰው ይገርመኛል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው 10 ኪሎ ቋጠሮ ለሌለበት ክር ነው። ናይለን ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ማኅበር ክብረ ወሰን ለማጽደቅ የክር ናሙና ሲፈትን አርሶ የሚፈትነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለቤት ፈተና ከቢጫው ጀሪካን የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ሊደሩ ውሃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት አንዱ ጫፍ ከጠንካራ አግዳሚ ብረት፣ ሌላው ከባዶ ጀሪካን እጀታ ጋር ይያያዛል፤ የጀሪካኑ ቂጥ ከመሬት ከአራት ጣት በላይ ከፍ አይበል። ከዚያ ውሃ ሊትር በሊትር እየተለካ ይጨመራል፣ በየሊትሩ ትንሽ ይቆያል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና፣ የባዶው ጀሪካን ክብደት ሲደመርበት የተበጠሰበት መጠን ይታወቃል። ከሞላ ጀሪካን በላይ ለሚችል ሊደር፣ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣው ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ የሚመዝንበት የእጅ ሚዛን ይበቃል። በፈተና ጊዜ መንጠቆ አይንጠልጠል፣ በምትኩ ቀለበት ይግባ፤ መነጽርም ይደረግ። የተወጠረ ክር ሲበጠስ ወዴት እንደሚፈናጠር አይታወቅም።

ከቁጥሩ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የተበጠሰው ጫፍ ነው። ጫፉ እንደ ስፕሪንግ ተጠቅልሎ ከተገኘ ቋጠሮው ተንሸራቷል፤ ዙሩ አንሷል ወይም በደንብ አልጠበቀም። ቋጠሮው አፍ ላይ ቁርጥ ካለ ቋጠሮው ራሱ ክሩን አንቆታል። መሐል ላይ ከተበጠሰ እጃችሁ አልበደለም፤ ክሩ አቅሙ እዚያ ድረስ ነው፣ አለዚያም ጭረት ነበረበት። ሽቦ ከቱቦው ሾልኮ ከወጣ ቱቦው ሰፍቷል።

ጀሪካን ግን እንደ ዓሣ አይዘልም። ስለዚህ ሁለተኛ ፈተና አለ፤ ግማሽ ጭነት ተሰቅሎ አንድ ስንዝር ከፍ ይደረግና በድንገት ይለቀቃል። ቀስ ብሎ የተጫነበትን የቻለ ሊደር እዚህ የሚበጠስበት ጊዜ አለ። በአንድ ሙከራ ማመንም አያዋጣም፤ በአንድ ዓይነት አሠራር ቢያንስ አምስት ተሠርቶ ሦስቱ ይበጠስ። በእኔ ግምት ለታይገርፊሽና ለነጭ ዓሣ ሦስቱም ከዋናው ክር በላይ ካልቻሉ አሠራሩ ይለወጥ። ለትራውት ግን መበጠስ ያለበት ቀጭኑ ጫፍ ነው፤ ዓሣው ሜትሮች ክር እየጎተተ ከሚሄድ ያ ይሻላል።

ለፈተና የተወጠረ ሊደር ሳይበጠስ ቢተርፍም ለማጥመድ አይመለስም። ናይለን ውሃ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል በዓሣ አጽጂዎች እግር ሥር የሚመላለሱት አባ ኮዳዎችም ከሆድ ዕቃው ጋር ክሩን አይለዩም። እባካችሁ ቁራጩን አሳጥራችሁ ቆራርጡትና ወደ ቤት ይዛችሁት ተመለሱ።