ኔትወርኩ በማን ሰዓት ይመራ?

በዲጂታል ስልክ መስመር ላይ ድምፃችን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይመዘገባል። ኢ1 በሚባለው መስመር 32 እንዲህ ያሉ ክፍሎች ተሰልፈው አንድ ፍሬም ይሆናሉ። በየ125 ማይክሮ ሰከንዱ አዲስ ፍሬም ስለሚነሳ መስመሩ በሰከንድ 2,048,000 ቢት ያሳልፋል። ይህን ምት የሚመታው መሣሪያው ውስጥ ያለ ሰዓት ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ሥራው አይደለም፤ ከእሱ የሚፈለገው እኩል መምታት ብቻ ነው።

ሁለት መሣሪያዎች በየራሳቸው ሰዓት ሲሠሩ ግን ችግር ይፈጠራል። ተቀባዩ የሚመጣለትን ቢት ባፈር በተባለ ማቆያ አጠራቅሞ በራሱ ፍጥነት ያነባል። ባፈሩ ከላይ ውኃ እየገባለት ከታች እንደሚቀዳ በርሜል ነው፤ ላኪው በጥቂቱ ከፈጠነ ይሞላል፣ ከዘገየ ይደርቃል። ሲሞላ አንድ ሙሉ ፍሬም ይጣላል፤ ሲደርቅ አንዱ ይደገማል። ባለሙያዎች ስሊፕ የሚሉት ይህንን ነው። ተራ ንግግር ላይ ቢበዛ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ፋክስ ላይ ግን ከገጹ መስመሮች ይጎድላሉ፤ የተመሰጠረ ንግግርም ቁልፉ እንደገና እስኪገጣጠም ድረስ ይቋረጣል።

ከሚሊዮን 4.6 የሚዛነፍ ሰዓት ያለው መሣሪያ ትክክለኛ ሰዓት ካለው ጋር ቢገናኝ በየ27 ሰከንዱ ገደማ አንድ ስሊፕ ይኖራል። የሲዚየም ሰዓት ስህተት ከመቶ ቢሊዮን አንድ አይበልጥም፤ በዚህ ልክ ወደተቃራኒ አቅጣጫ የሚዛነፉ ሁለት ሰዓቶች እንኳ አንድ ስሊፕ እስኪፈጥሩ 72 ቀን ይፈጅባቸዋል።

ስለዚህ መሣሪያ ሲተከል ቴክኒሻኑ ሰዓቱን ከየት እንደሚወስድ ይመርጣል፦ ከራሱ ክሪስታል፣ ከሚመጣው መስመር፣ ወይም በውጭ ኬብል ከጣቢያው ዋና ሰዓት። ምንጩ ሲጠፋ ጥሩ መሣሪያ ሆልድኦቨር ውስጥ ይገባል፤ ቀድሞ የተማረውን ፍጥነት ይዞ ለጊዜው በራሱ ይቀጥላል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን ሰዓት ተበላሽቶ የሚመጣ አይመስለኝም። አንዱ መሣሪያ ሰዓቱን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውም ከአንደኛው እንዲወስድ ከተደረገ ሁለቱም የሚከተሉት ምንጭ ያገኙ ይመስላቸዋል። መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ማንቂያ የለም፤ ሁለቱ ግን ተያይዘው ከቀሪው ኔትወርክ ይርቃሉ። ስሊፑ የሚታየው ሌላ ቦታ ስለሆነ ጥፋተኛው ኬብል ነው ተብሎ ሲቀየር ይከረማል። መድኃኒቱ ከምልክቱ ጋር የሰዓቱን የጥራት ደረጃ የሚናገር መልእክት መላክ ነው፤ መሣሪያው ሰዓት ወደሚወስድበት አቅጣጫ ሲመልስ «የእኔን ለማመሳሰል አትጠቀሙበት» ይላል።

ዛሬ መስመሩ ወደ ፓኬት ተለውጧል፤ ፍጥነቱን ሲንክሮነስ ኢተርኔት፣ ጊዜውን ደግሞ ፒቲፒ የተባለው ፕሮቶኮል ያደርሳሉ። መላክና መቀበልን በአንድ ድግግሞሽ ላይ በተራ የሚያካሂዱ የሞባይል ጣቢያዎች ምቱን ብቻ ሳይሆን ትክክለኛውን ቅጽበትም ይፈልጋሉ፤ የሚፈቀድላቸው ልዩነት ከ1.5 ማይክሮ ሰከንድ አያልፍም። ብዙዎቹ ይህን ከጂፒኤስ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2016 አንድ ያረጀ ሳተላይት ከአገልግሎት ሲወጣ በርካታ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ወደ 13 ማይክሮ ሰከንድ የተዛባ የሰዓት ማስተካከያ መረጃ ለሰዓታት አሰራጩ። ቦታ ለማወቅ የሚጠቀሙባቸው ሰዎች ምንም አላስተዋሉም፤ በተለያዩ አገሮች የቴሌኮም መሣሪያዎች ግን ማንቂያ አሰሙ። አንድ ጣቢያ ከሳተላይት ሌላ በኬብል የሚደርሰው ሁለተኛ ምንጭና የራሱ የሩቢዲየም ሰዓት እንዲኖረው የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ ሦስቱን እያነጻጸረ የሳተውን መለየት ይችላል።