የተበላሸው ፋይሉ አይደለም

ባምቢስ አካባቢ ካፌ ተቀምጠን አንድ ወዳጄ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። በፓይተን አራት መስመር ኮድ ጽፎ ከሩቅ ሰርቨር የአማርኛ ጽሑፍ አውርዷል። የሚታየው ግን ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ»፣ የዩሮ ምልክት፣ ደግሞ «ኤ»። «ኔትወርኩ አበላሸብኝ» አለኝ።

ኔትወርካችን ብዙ ይወቀሳል፤ አንዳንዴም ይገባዋል። በዚህ ግን ንጹሕ ነው። ሰርቨር የሚልከው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። ፊደልን በቁጥር በሚወክለው ዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ «ሀ» 225፣ 136፣ 128 ሆና በሦስት ባይት ትመጣለች፤ «ሰላም» 9 ባይት ይፈጃል። አንባቢው ፕሮግራም እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ ላቲን ፊደል ከቆጠረው አንዷ ሆሄ ሦስት ምልክት ትሆናለች። ወዳጄ ፋይሉን የሚከፍተው መስመር ላይ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ጨመረበት፤ አማርኛው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ባዶ ሳጥን ብቻ ቢታይ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ የፎንት ጉዳይ ነው።

«በኮድ ማውረድ ሀክ ማድረግ ነው» የሚሉም አሉ። ብሮውዘሩም ግን ያንኑ ጥያቄ ነው የሚልከው። ቁም ነገሩ ፈቃድ ነው። ይልቅ የሚያሰጋው በካፌ ዋይፋይ፣ ኤፍቲፒ በሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ወደ ሰርቨር መግባት ነው፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ያለ አሠራር፣ ምስጠራ ካልተጨመረበት፣ የይለፍ ቃልን እንዳለ ገልጦ ይልካል።

«መስመር ከተቋረጠ ከዜሮ መጀመር ነው» የሚለውስ? ከካፌው ብዙም ሳይርቅ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓዲስ የተባለው ክፍል በስልክ መስመር ኢሜይል ያመላልስ ነበር፤ ቴሌ ኢንተርኔት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የዚያን ጊዜውን የመስመር መቆራረጥ ማን ይረሳዋል! ዛሬ ኮዱ «ከ40,000ኛው ባይት ጀምረህ ላክልኝ» ማለት ይችላል። ሰርቨሩ 206 ብሎ ከመለሰ ተስማምቷል፤ የመጣውን ቀድሞ በወረደው ጫፍ ላይ መቀጠል ነው። 200 ካለ ግን ጥያቄውን ችላ ብሎ ፋይሉን ከመጀመሪያው እየላከው ነው። ይህን ሳያዩ የቀጠሉበት እንደሆነ ፋይሉ ግማሽ መንገድ ላይ እንደገና ከመግቢያው ይጀምራል።