ዘበኞቹን ያሳሳተው ብርሃን

ክረምቱ አልፎ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በደጋው ላይ መውረድ ሲጀምር የሌሊቱ ሰማይ ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚታይ የደጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዘብ ያደረ ወታደር ደግሞ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። በባሕር ማዶ ስለ ሰማይ የሚጽፉ ሰዎች «የክረምት ሌሊት» እያሉ የሚያወድሱት ወራት ለእኛ በጋ ነው፤ የእኛ ክረምትማ ለሰማይ ተመልካች ከደመናና ከዝናብ በቀር የሚያሳየው ነገር የለም። ወራቱም ይኸው በመሆኑ፣ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ በጓሯችን ካቆምናት አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ አጠገብ ካመሸንባቸው ሌሊቶች ያገኘነውን ለአንባብያን ለማካፈል ወደድን።

መሣሪያችን የሚያስመካ አይደለም። የፊተኛው መስተዋት ስፋት ሰባት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ሦስት እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ የጎረቤት ውሻም እንደ እንግዳ ቆጥሮት ሌሊቱን ሙሉ ይጮኽበታል። ከወጥ ቤት ጭስ ወይም ቀን ሲግል ከዋለ የቆርቆሮ ጣራ በላይ ያለውን ፕላኔት በእርሱ ያየን እንደሆነ፣ ምስሉ እንደ ፈላ ውኃ ይንተከተካል። ስለዚህ መሣሪያውን ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ወደ ውጭ አውጥቶ ከብርዱ ጋር ማላመድ፣ ፕላኔቱም ከጣራና ከዛፍ በላይ ከፍ እስኪል መታገሥ ያስፈልጋል። የመንገዱ መብራት ግን ያን ያህል አያስቸግርም። ጨረቃና ታላላቆቹ ፕላኔቶች በከተማ መካከልም ቢሆን ብርሃናቸው አይሸነፍም።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ በጡረታ የተገለሉ ሃምሳ አለቃ ናቸው። በአንድ የታኅሣሥ ማታ በአጥሩ በር ብቅ አሉና፣ ከምሥራቁ ተራራ በላይ የወጣውን ደማቅ ብርሃን በከዘራቸው እያመለከቱ፣ «እናንተ ልጆች፣ ያ የሚታየው ምንድን ነው? በወጣትነቴ ዘብ ቆሜ ሳለሁ ይህንኑ የመሰለ ብርሃን በተራራ ጫፍ ላይ አይቼ፣ የጠላት ምልክት ነው ብዬ አዛዤን ከእንቅልፉ አስነሥቼዋለሁ። ቁጣውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ብርሃኑ ግን ምን እንደ ነበረ ማንም አልነገረኝም» አሉን።

ሃምሳ አለቃ ያዩትን ከመናገራችን በፊት፣ እርሳቸው በዚህ ነገር ብቸኛ አለመሆናቸውን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ እናስቀድም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሕንድና በቻይና መካከል፣ በላዳክ በኩል፣ ፓንጎንግ የሚባል ሐይቅ አለ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። የሁለቱ አገሮች ወሰን በዚያ ስፍራ በስምምነት ያልተካለለ ስለሆነ፣ ወታደሮቻቸው በየምሽጋቸው ሆነው እርስ በርስ ሲጠባበቁ ያድራሉ። በ2012 ዓመት ከኦገስት ወር ጀምሮ የሕንድ ዘበኞች በሐይቁ አቅራቢያ ባለው በታኩንግ ሰማይ ላይ ሁለት ደማቅ ብርሃኖች በየሌሊቱ ሲመላለሱ አዩ። ይህንንም ድሮን በሚባለው ሰው አልባ የስለላ አውሮፕላን አመካኙት። እስከ 2013 ፌብሩዋሪ ድረስ ብርሃኖቹ 329 ጊዜ ታዩ ተብሎ ተመዘገበ፤ ከዚህም ውስጥ 155 ጊዜ ወሰን አልፈው ገብተዋል ተባለ።

ነገሩ እያሳሰበ ሲሄድ ጦሩ በባንጋሎር ያለውን የሕንድ የአስትሮፊዚክስ ተቋም አማከረ። ይህ ተቋም በዚያው በላዳክ፣ ሃንሌ በተባለ ስፍራ፣ 4,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የራሱ ታላቅ ቴሌስኮፕ አለው። ሊቃውንቱ ብርሃኖቹ የታዩበትን ሰዓትና አቅጣጫ ከሰማይ ካርታ ጋር ባስተያዩት ጊዜ፣ ሰላዮቹ ጁፒተርና ቬነስ ሆነው ተገኙ። በእርግጥም በዚያ ወራት ቬነስ አጥቢያ ኮከብ ሆና ጎሕ ሳይቀድ በምሥራቅ ትወጣ ነበር፤ ጁፒተርም በዲሴምበር 2012 ወደ ምድር እጅግ ቀርቦ ሌሊቱን በሙሉ ያበራ ነበር። አየሩ ስስ በሆነበት በዚያ ከፍታ ላይ ብርሃናቸው ምን ያህል እንደሚያይል ደጋ ያደረ ሰው ይገምተዋል። ወሬው በ2013 ጁላይ በጋዜጦች በወጣ ጊዜ ብዙ ሰው ሳቀ።

እኛ ግን አልሳቅንም። በዚያው ዓመት ከኤፕሪል አጋማሽ ጀምሮ እነዚሁ ሁለት ሠራዊቶች በላዳክ ውስጥ ዴፕሳንግ በተባለ ሜዳ ላይ፣ ድንኳን ለድንኳን ተያይተው፣ ሦስት ሳምንት ያህል ተፋጠው ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ ጁፒተርን እንደ ድሮን ቆጥሮ አንድ ጥይት የሚተኩስ ወታደር ቢገኝ ኖሮ፣ መዘዙ የት ይደርስ እንደ ነበር ማሰብ ያስፈራል። ደግሞም ዘበኛውን የምንወቅስበት ምክንያት አይታየንም። ያየውን አየሁ ብሎ መመዝገቡ ግዴታው ነበር፤ ብርሃኖቹም በእርግጥ ነበሩ። የጎደለው ብርሃኑን የሚለይበት ዘዴ ነበር።

ዘዴው ደግሞ ቀላል ነው። ሰማይ በሙሉ፣ ከዋክብቱም ፕላኔቶቹም በአንድነት፣ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዞራል። እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ ጭብጥን በሰማይ ላይ ቢያሳርፉት የጭብጡ ስፋት ወደ 10 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ተኩል ጭብጥ ያህል ወደ ምዕራብ የሄደ፣ ከአጠገቡ ካሉት ከዋክብት ግን ያልራቀ ብርሃን፣ አውሮፕላን አይደለም። በማግሥቱም እዚያው ቦታ የሚደርሰው ከትናንቱ አራት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው፤ በ15 ቀን አንድ ሰዓት ይሞላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት አክባሪ ሰላይ የለም።

አንድ ነገር ግን መጨመር አለብን። በጨለማ ውስጥ ብቻውን የሚታየውን ነጥብ ፈዝዞ የሚመለከት ሰው፣ ነጥቡ ቆሞ ሳለ ወዲያና ወዲህ የሚንሳፈፍ ይመስለዋል። የሚያታልለው የገዛ ዓይኑ ነው። መድኃኒቱ ብርሃኑን ከአንድ ቋሚ ነገር፣ ከአጥር እንጨት ወይም ከጣራ ጠርዝ ጋር አስተያይቶ መመልከት ነው። ከአድማስ አቅራቢያ ያለ ፕላኔትም፣ ወፍራሙን አየር ሰንጥቆ ስለሚመጣ፣ አንድ ጊዜ ቀይ አንድ ጊዜ አረንጓዴ መስሎ ሊብለጨለጭ ይችላል። ከፍ ሲል ግን ይረጋጋል፤ እንደ ከዋክብቱም አይርገበገብም።

እንግዲህ ሃምሳ አለቃን ወደ ቴሌስኮፑ አቀረብናቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ከፈለጉ በኋላ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ክብ ነው፤ እንደ ጨረቃ ክብ ነው፤ በወገቡ ላይ መቀነት የመሰለ ነገር አለበት። በግራና በቀኙ ደግሞ አራት ፍንጣሪዎች ተሰልፈዋል» አሉ። ያዩት ጁፒተርንና አራቱን ታላላቅ ጨረቃዎቹን ነበር።

እነዚህን ጨረቃዎች የጣልያኑ ጋሊሌዮ በፓዶቫ ከተማ ሆኖ፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 1610፣ በአገሩ የክረምት ሌሊት አያቸው። እጁ የሠራው መነጽር ሃያ ጊዜ ያህል ብቻ የሚያጎላ ነበር፤ ዛሬ በገበያ የሚገኘው ተራ ቴሌስኮፕ ይበልጠዋል። በመጀመሪያው ሌሊት ያየው ሦስት ነጥቦችን ነው፤ ሁለቱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ። እርሱም ከዋክብት ናቸው ብሎ አለፋቸው። በማግሥቱ ሦስቱም ወደ ምዕራብ ዞረው አገኛቸው። በ10ኛው ቀን ሁለት ብቻ ቀሩ፤ በ13ኛው ቀን አራት ሆኑ። በየሌሊቱ ያየውን በወረቀት ላይ እየነጠበ ባያስቀምጥ ኖሮ፣ ነጥቦቹ ጁፒተርን የሚዞሩ መሆናቸውን ባላወቀም ነበር። በሰማይ ያለው ሁሉ ምድርን ይዞራል የሚለው የቆየ ትምህርትም ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንደ ቀድሞው ጸንቶ ሊቆም አልቻለም።

ቴሌስኮፕ የሌለው ሰው በዚህ ሊያዝን አይገባም። ብዙ ወታደር የሚያውቀው፣ ሰባት ጊዜ የሚያጎላው ባለሁለት ዓይን መነጽር፣ በግንብ ወይም በአጥር ላይ ተደግፎ ከተያዘ፣ የጁፒተርን ጨረቃዎች ያሳያል። በእጅ ብቻ ከተያዘ ግን መንቀጥቀጡ ያጠፋቸዋል።

ሕፃናቱ የሚጋፉት ግን ጨረቃን ለማየት ነው። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ማየት የሚሻል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የላትም፤ ዓይን ከማጥበርበር በቀር የምታሳየው ጥቂት ነው። ግማሽ በሆነች ጊዜ ግን፣ ብርሃንና ጨለማ በሚዋሰኑበት መሥመር ላይ፣ የተራሮቹና የጉድጓዶቹ ጥላ ረዝሞ ይታያል። ኮፐርኒከስ የሚባለው ክብ ጉድጓድ 93 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ግንቡ በደረጃ በደረጃ የተናደ መሆኑ ከጓሮ ይለያል። ከመሥመሩ ማዶ፣ በጨለማው ውስጥ፣ ብቻቸውን የሚያበሩ ነጥቦች አሉ፤ የጧት ፀሐይ ቀድማ የነካቻቸው የተራራ ጫፎች ናቸው። እኛ በተራራ አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገንም። ሕፃናቱ አሜሪካኖቹ በ1969 የተከሉትን ባንዲራ አሳዩን ይሉናል፤ በምድር ላይ ያለ የትኛውም ቴሌስኮፕ ያንን ሊያሳይ አይችልም ስንላቸው ቅር ይላቸዋል።

አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች መሆኗም ትልቅ ዕድል ነው። ጨረቃና ፕላኔቶች በእኛ ላይ ወደ አናት ተጠግተው ያልፋሉ፤ በመሆኑም የምናያቸው በስሱ አየር በኩል ነው። የሙዚቃ መምህር የነበረው ዊልያም ሄርሸል በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ይህ ዕድል አልነበረውም። ይሁን እንጂ ማርች 13 ቀን 1781 በቤቱ የአትክልት ቦታ ቆሞ፣ ራሱ በሠራው ቴሌስኮፕ፣ ከጥንት ጀምሮ ማንም እንደ ፕላኔት ያላወቀውን ዩራኑስን አገኘ። እርሱ ግን ጅራታም ኮከብ መስሎት እንደዚያው አድርጎ አስታወቀ። ቦታውን በትክክል መዝግቦ ስለ ነበረ ሌሎች መንገዱን አስልተው ፕላኔት መሆኑን ደረሱበት።

ሳተርንን በተመለከተ፣ ቀለበቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሥዕል የተለጠፈበት ይመስለዋል፤ ከእንግዶቻችን አንዷ እመቤት የመነጽሩን አፍ በእጃቸው ዳስሰው አረጋግጠዋል። ቀለበቱ በ2025 ጠርዙን ወደ እኛ አዙሮ ከዓይን ተሰውሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ተከፍቷል።

የማርስ ነገር ግን የተማሩት ሰዎች ታሪክ ነው። በ1877 የጣልያኑ ሊቅ ስኪያፓሬሊ በማርስ ላይ ቀጫጭን መሥመሮችን አየሁ አለ። ባለጸጋው አሜሪካዊ ፐርሲቫል ሎዌል በ1894 በአሪዞና ትልቅ ቴሌስኮፕ አስተክሎ፣ መሥመሮቹ ውኃ የጠማቸው ፍጡራን የቆፈሯቸው ቦዮች ናቸው እያለ ዕድሜውን በሙሉ ካርታቸውን ሲነድፍ ኖረ። በ1965 ማሪነር 4 በማርስ አጠገብ አልፋ ፎቶግራፍ ስትልክ የታየው የጉድጓድና የአቧራ ምድር ነበር። ዓይን በችሎታው ወሰን ላይ ሲደርስ የተበታተኑ ነጥቦችን በመሥመር ያገናኛል፤ ልብ የፈለገውን ይጨምርበታል። የሎዌልን ስሕተት ከታኩንግ ዘበኞች ስሕተት የምናከብድበት ምክንያት፣ እርሱ ትልቅ መሣሪያም ጊዜም የነበረው መሆኑ ነው።

ለጀማሪዎች አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለን። ቴሌስኮፕም ሆነ መነጽር በምንም ምክንያት ወደ ፀሐይ መዞር የለበትም፤ ለቅጽበት እንኳ ቢሆን ዓይን ያጠፋል። መሣሪያው በቀን ሕፃናት በማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ።

ሃምሳ አለቃ በማግሥቱ ማታ በኪሳቸው ደብተርና እርሳስ ይዘው መጡ። እንደ ዘብ መዝገብ አድርገው ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን፣ የነጥቦቹንም አሰላለፍ ጻፉ። በሦስተኛው ሌሊት ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ከመነጽሩ ቀና ብለው፣ «ዛሬ ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከሰልፉ ጠፍቷል» አሉን። ከጁፒተር ኋላ ገብቶ ይሆናል ብንላቸው አልተዋጠላቸውም። ወንበር አስመጥተው፣ ጋቢያቸውን አጥብቀው፣ እስኪወጣ ሊጠብቁት ተቀመጡ።