ለጣት ድርደራ የሚሆን ክራር ስለ መምረጥና ስለ ማሰናዳት

መግቢያ

የክራር ነገር በተነሣ ቍጥር ሰው ሁሉ የሚናገረው ስለ ደርዳሪው ነው። «እጁ የቀና ነው» ይባላል፤ ወይም ደግሞ «ይህ ልጅ ጆሮ የለውም» ይባላል። ስለ መሣሪያው የሚናገር ግን ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው፣ በደርዳሪው ላይ የሚጣለው ጥፋት ብዙ ጊዜ የመሣሪያው ጥፋት መሆኑን ነው። እንዲሁም ክራር ከገበያ ተገዝቶ ሲመጣ ገና ያላለቀ ሥራ መሆኑንና የሚጨርሰውም ገዢው ራሱ መሆኑን ነው።

ወደዚህ ጥያቄ ያመጣን አንድ ነገር አለ። ከመካከላችን አንዱ የእስቴ ተወላጅ ነው። አባቱ በድጓ ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው። ልጁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ከአዲስ አበባ አንድ ክራር ገዝቶ ለእኅቱ ሠርግ ወደ አገሩ ይዞ ገባ። ክራሩ ሲያዩት ያማረ ነበር፤ ገበቴው በቀለም ያሸበረቀ፣ ምሰሶዎቹም የተቀረጹ ነበሩ። በዳሱ ውስጥ ግን አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሁለቱ አውታሮች ይወርዱ ነበር። ሚዜዎቹ ሣቁ፤ አባቱም ቀድሞውኑ ክራር መያዙን ያልወደዱት ነበሩና «ተማር ብለን የላክንህ ለዚህ ነውን?» አሉት። ለሠርጉ የመጡ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ግን ማሲንቋቸውን አስቀምጠው ክራሩን ተቀበሉት። ምሰሶውን ነቀነቁ፤ ቆዳውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ ከዚያም «ልጄ፣ ጆሮህስ ደኅና ነው፤ የታመመው ክራርህ ነው» አሉት። ከዚያ ወዲህ የዚህን ሕመም ምክንያት ስንመረምር ቆየን። ያገኘነውንም ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን እነሆ እናቀርባለን።

ስለ አገሩና ስለ ክራር ስፍራ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ዛሬ በደቡብ ጎንደር ዞን በምሥራቁ ክፍል ይገኛሉ። በአንድ ወገን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጕና ተራራ አለ፤ በደቡብ በኩል ደግሞ አገሩ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ይወርዳል። ስለዚህ በጥቂት ቀን መንገድ ውስጥ ከውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት ይደረሳል። ይህ ነገር ለክራር ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ ከታች እንገልጻለን።

አገሩ በዜማ ትምህርት የታወቀ ነው። በጋይንት የሚገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት መምህራን የሚወጡበት ስፍራ ነው። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ባይማር እንኳ ጆሮው በዜማ ያደገ ነውና የተዛነፈ ድምፅ አያመልጠውም። ሆኖም ክራር ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ የቆመ መሣሪያ ነው። በገና የዳዊት ነው ተብሎ ሲከበር ክራር ግን የጭፈራና የፍቅር መሣሪያ ነው ተብሎ ይታማል። የሙዚቃ ሊቁ አሸናፊ ከበደ እ. ኤ. አ. በ1977 ስለ ክራር በእንግሊዝኛ ባሳተሙት ጥናት ርእስ ላይ «የሰይጣን መሣሪያ» የሚለውን ቃል ያኖሩት ይህን አስተያየት በማስታወስ ነው። ማሲንቆ የአዝማሪው የሙያ ዕቃ ሲሆን፣ ክራር ግን ሙያተኛ ያልሆነውም ወጣት ሁሉ የሚሞክረው ነው። ስለዚህም ነው ገዢው ብዙውን ጊዜ መካሪ የሌለው የሚሆነው።

ግርፍና ድርደራ

ክራር በሁለት አኳኋን ይመታል። አንደኛው ግርፍ ነው። ቀኝ እጅ መግረፊያ ይዞ አውታሮቹን በአንድነት ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶችም የማይፈለጉትን አውታሮች ከኋላ አፍነው ይይዛሉ። ሁለተኛው ድርደራ ነው። በዚህ ጊዜ ጣቶች አውታሮቹን አንድ በአንድ እየነኩ ዜማውን ያወጣሉ።

ለግርፍ የሚስማማ ክራር ሁሉ ለድርደራ አይስማማም። ገራፊ ኀይለኛ ምት ስለሚሰጥ የደከመ ቆዳ እንኳ ይናገርለታል፤ ጥቂት የተዛነፈ አውታርም በሌሎቹ ድምፅ ይሸፈንለታል። በድርደራ ግን እያንዳንዱ አውታር ብቻውን ይሰማል፤ የሚሸፍነው የለም። ስለዚህ ለድርደራ የሚፈለገው ክራር በቀላል ንክኪ የሚመልስ፣ በጣቶች መካከል በቂ ስፍራ ያለው፣ ቅኝቱንም የሚጠብቅ መሆን አለበት።

ጊታርን የሚያውቁ አንባቢዎች አንድ ልዩነት ልብ እንዲሉ እንለምናለን። ጊታር አንገት ስላለው በአንድ አውታር ላይ ጣት እያዛወሩ ብዙ ድምፅ ማውጣት ይቻላል። ክራር ግን አንገት የለውም፤ አንዱ አውታር የሚሰጠው ዋና ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አውታር ቢበላሽ ከዜማው አንድ ድምፅ ጐደለ ማለት ነው።

ሲገዙ የሚመረመር

የክራር ክፍሎች ስም ከበገና ጋር ይመሳሰላል። ድምፅ የሚሰበሰብበት ገበቴ፣ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፣ ሁለት ምሰሶ፣ በላይ የሚያጋጥማቸው ቀንበር፣ መቃኛ፣ ብርኩማና አውታር ናቸው።

አንደኛ፤ ምሰሶዎቹ። ገዢው ክራሩን በጕልበቱ ይዞ ሁለቱን ምሰሶዎች ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይግፋቸው። በገበቴው ውስጥ ቢወዛወዙ አይግዛው። ምክንያቱም አንዱን አውታር ሲያጠብቁት ቀንበሩ ወደ ታች ይሳባል፤ በዚህ ጊዜ ሌሎቹ አውታሮች ይላላሉ። እነርሱን ደግሞ ሲያጠብቁ የመጀመሪያው ይላላል። በእስቴው ሠርግ የታየው ሕመም ይህ ነበር።

ሁለተኛ፤ መቃኛው። በጥንቱ አሠራር አውታሩ በጨርቅ ወይም በጠፍር ቀንበሩ ላይ ተጠምጥሞ በትንሽ እንጨት ይጠመዘዛል። በአዲሶቹ ላይ የእንጨት ቍልፍ ወይም ጥርስ ያለው የጊታር መቃኛ ይገባል። ሁሉም ይሠራሉ፤ ዋናው ነገር ሲያዞሩት ሳይዘል በዝግታ መሄዱ፣ ሲለቁትም በቦታው መቅረቱ ነው። የእንጨት ቍልፍ የሚያንሸራትት ከሆነ ጥቂት ጠመኔ ቢቀቡት ይይዛል።

ሦስተኛ፤ ቆዳው። በጣት መሐሉንና ዳሩን መታ መታ ማድረግ ነው። ውጥረቱ በዙሪያው የተስተካከለ ከሆነ በአንጻራዊ ስፍራዎች ተመሳሳይ ድምፅ ይሰማል። በወፍራም ቀለም የተሣለ ቆዳ ክብደቱ ስለሚጨምር ድምፁ ይታፈናል። ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል እንጂ ለድርደራ አይሆንም።

አራተኛ፤ ገበቴው። ከዋንዛ የተፈለፈለ ገበቴ ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከብረት ሳሕን የተሠራው ደግሞ የሚጮኽና የሚሰላ ድምፅ አለው። እኛ ለድርደራ እንጨቱን እንመርጣለን። ነገር ግን ደኅና ሆኖ የተሠራ የብረት ገበቴ ከተሰነጠቀ ዋንዛ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ክራሩን በሱቁ ውስጥ መቃኘት፣ ሩብ ሰዓት ያህል መደርደር፣ እንደ ገና ቅኝቱን መመርመር ነው። በእጅ ስልክ የሚሠራ የድምፅ መለኪያ ያለው ሰው በዚሁ ሊያመሳክር ይችላል። ለቅርጻ ቅርጽ የሚከፈለው ገንዘብ ለድምፅ የተከፈለ እንዳልሆነ ገዢው ያስታውስ።

ስለ አውታሮች

በቀድሞው ጊዜ አውታር የሚሠራው ከአንጀትና ከጅማት ነበር፤ ዛሬ የሚበዛው ናይለን ነው፤ ዓሣ ማጥመጃ ክርም ይገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስድስቱንም አውታሮች ከአንድ ውፍረት ክር በማድረጉ ነው።

የክራር አውታሮች ርዝመት ተቀራራቢ ነው። ርዝመቱና የክሩ ዓይነት አንድ ሲሆን፣ ድምፁን በአንድ ስምንተኛ ከፍ ለማድረግ ውጥረቱን አራት እጥፍ መጨመር ያስፈልጋል። ስለዚህ ስድስቱ አንድ ዓይነት ውፍረት ቢኖራቸው፣ ወፍራሙ ድምፅ የላላ ገመድ ይሆናል፤ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ሊበጠስ የደረሰ ይሆናል። ጣትም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ይደናገራል። መድኃኒቱ ውጥረቱን አስተካክሎ ውፍረቱን መለዋወጥ ነው። ውጥረቱ አንድ ከሆነ ድምፁ እጥፍ ከፍ እንዲል ውፍረቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ለምሳሌ ዝቅተኛው አውታር (ዶ) 0.80 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ለትዝታ ቅኝት የሌሎቹ ውፍረት በሒሳብ እንደሚከተለው ይሆናል፦ ሬ 0.71፣ ሚ 0.64፣ ሶል 0.53፣ ላ 0.48፣ የላይኛው ዶ 0.40 ሚሊ ሜትር። በገበያ በትክክል ይኸው ባይገኝ የሚቀርበውን መውሰድ ይበቃል።

ብረት አውታር ለማስገባት የሚያስቡ ሰዎች ይጠንቀቁ። የብረት ክብደት ከናይለን ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ውፍረቱና ድምፁ አንድ እንዲሆን ከተፈለገ ውጥረቱም ሰባት እጥፍ ያህል ይሆናል። ለናይለን የተሠራ ቀንበርና ቆዳ ይህን አይችልም። አዲስ ናይለንም ለጥቂት ቀናት እየተሳበ ይወርዳልና፣ አውታር የሚለወጠው በሠርጉ ዋዜማ ሳይሆን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ነው።

ስለ ብርኩማና ስለ ቆዳ አያያዝ

ብርኩማ የአውታሩን እንቅስቃሴ ወደ ቆዳው የሚያስተላልፍ ድልድይ ነው። በጣም ዝቅ ያለ እንደ ሆነ አውታሩ ቆዳውን እየነካ ይንዛዘዛል። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ቆዳውን ወደ ታች ይጫነውና ያረግበዋል። በበገና ላይ መንዘዝ የሚፈለግ ነው፤ ለዚሁም እንዝራ የሚባሉ የቆዳ ቍራጮች ይደረጉበታል። በክራር ድርደራ ላይ ግን መንዘዝ ጕድለት ነው።

አውታሮቹ የሚያርፉበት ጭረት እርስ በርሱ የጣት ጫፍ የሚያስገባ ርቀት ይኑረው፤ አለዚያ አንዱን ሲነኩ ጎረቤቱ አብሮ ይጮኻል። ጭረቱ ስለት ካለው አውታሩን ይበጥሳል፤ ስለዚህ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ጥቂት የእርሳስ ዱቄት መቀባት መልካም ነው። ብርኩማው ወደ ቆዳው መሐል ሲጠጋ ድምፁ ይወፍራል፤ ወደ ዳር ሲሄድ ይሰላል። ደርዳሪው ጆሮውን የሚያረካውን ስፍራ እስኪያገኝ ድረስ አውታሩን አላልቶ ያንቀሳቅሰው።

ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፤ ሲደርቅ ይወጠራል። ስለዚህ በክረምት በጕና አካባቢ የተቃኘ ክራር፣ ወደ ዓባይ ቆላ ሲወርድ እንደ ነበረ አይገኝም። ከደጋ ወደ ቆላ የሚሄድ ሰው አውታሮቹን ጥቂት ያላላ፤ በቆላው ሙቀት ቆዳው ሲወጠር ጭነቱ ይበዛልና። በክረምት የረገበ ቆዳ ከምድጃ ራቅ ተደርጎ ቀስ በቀስ ይሞቃል። እሳት ላይ ቢያቀርቡት ይሰነጠቃል።

ስለ ቅኝት

ባለ ስድስት አውታር ክራር አምስት ድምፆች አሉት፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በስምንተኛ ከፍ አድርጎ ይደግማል። ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከእነዚህ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢያደርጉ ግማሽ ትዝታ የሚባለው ይገኛል። ወደ አምባሰል ለመሄድ ከሙሉ ትዝታ ሬና ላ በግማሽ ይወርዳሉ፤ ሚ በግማሽ ወደ ፋ ይወጣል። ከአምባሰል ደግሞ ሶልን በግማሽ አውርደው የወረደውን ላ ወደ ቦታው ቢመልሱ አንቺ ሆዬ ይሆናል።

ከዚህ እንደምናየው ከቅኝት ወደ ቅኝት የሚወስደው መንገድ ሁለትና ሦስት አውታሮችን በግማሽ ድምፅ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ግማሽ ድምፅ ለማውጣት የሚጨመረው ውጥረት ከመቶ 12 ያህል ስለ ሆነ፣ ከላይ የተባለው የአውታር ምርጫ ለሁሉም ያገለግላል። ነገር ግን መቃኛው የሚዘልና ምሰሶው የሚወዛወዝ ከሆነ ይህን ያህል ትንሽ ለውጥ ማድረግ አይቻልም። ዋናው ፈተና እዚህ ላይ ነው። አንድ ክራር በእጅ ውስጥ ሳለ ከትዝታ ወደ አምባሰል ሄዶ እንደ ገና ወደ ትዝታ ከተመለሰ ደኅና ክራር ነው።

ማጠቃለያ

ያ የእስቴው ክራር አልተጣለም። በምሰሶዎቹ ሥር ሽብልቅ አግብተን በማጣበቂያ አጠበቅነው፤ ቀለም የተቀባውን ቆዳ በሌላ አስለወጥነው፤ ብርኩማውን ዝቅ አድርገን ቀረጽነው፤ አውታሮቹንም በየውፍረታቸው አደረግን። ጓደኛችን ለፋሲካ ወደ አገሩ ይዞት ሲገባ ማታ በጓሮ በኩል ሆኖ ይደረድር ነበር። አባቱ ዛሬም ክራርን አልወደዱም። ነገር ግን ከደጅ ቆመው ካዳመጡ በኋላ «ይህስ ልኩን ይዟል» ብለው ገቡ። በድጓ ከሠለጠነ ጆሮ ይህን መስማት ለእኛ ከፈተና ውጤት የሚያንስ አልነበረም።

ከዚህ የምንረዳው፣ «ጆሮ የለህም» ተብለው መሣሪያውን የተዉ ወጣቶች ከመካከላቸው ብዙዎቹ በከንቱ የተወቀሱ ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው። ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራቸው የሚሄዱ ጓደኞቻችን ሁሉ ያገኙትን አሮጌ ክራር እንዲለኩ እናሳስባለን። የአውታሩን ርዝመትና ውፍረት፣ የብርኩማውን ከፍታ፣ የእንጨቱንም ዓይነት በማስታወሻ ይጻፉ። ሠሪውም በሕይወት ካለ ምክንያቱን ይጠይቁት። ሽማግሌው አዝማሪ በሁለት ጣት ምት ያወቁትን ነገር እኛ በሒሳብና በመለኪያ ለማግኘት ብዙ ወራት ወስዶብናል። ዕውቀቱ ግን አንድ ነው፤ ያለው ሳይጠፋ መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው።